ማርትሬዛውን አታጥቡት

ባለፈው ክረምት ደባርቅ ገበያ ዳር፣ አንድ የጌጣጌጥ መሸጫ በር ላይ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። አንዲት እናት ገቡ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አምስት ማርትሬዛ ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ። ተወልደው ያደጉት ጊች ነው። የጊች ሰው በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥቶ ደባርቅ ሲሰፍር፣ ከእናታቸው የወረሷቸውን እነዚህን ብሮች ወገባቸው ላይ አስረው ወረዱ። ባለሱቁ አንድ በአንድ አላያቸውም። አምስቱንም ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ሒሳብ ዋጋ ጠራ፤ ቀጥሎም አንዱን አንስቶ በሎሚና በአመድ ያሸው ጀመር። «እማማ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም 1780 ይላል። ፈረንጅ የሚገዛው ሲነጣ ነው» አላቸው።

ይህን አባባል ከደባት እስከ ጎንደር፣ አዲስ አበባም ድረስ ሰምቼዋለሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ስህተት ነው፤ ብዙ ነገርም እያጠፋብን ነው።

ማርትሬዛ ስሙን ያገኘባት፣ ምስሏም ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። የአረብና የሐበሻ ነጋዴ የለመደውን መልክ ከለወጡበት እንደማይቀበል ያወቁት ኦስትሪያውያን ቀኑን እዚያው ላይ አቆሙት፤ ብሩ ግን መታተሙን አላቆመም። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ አትመውታል፤ ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። ሁሉም 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው፣ ሁሉም 1780 ይላል። ስለዚህ ቀኑ ስለ ዕድሜው አይነግረንም፤ ሚዛኑም እንዲሁ። የሚነግረን ማተሚያው ብረት የተወው ምልክት ነው፦ የንስሩ የጅራት ላባ አደራደር፣ የንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች፣ ከቀኑ ኋላ ያለችው ትንሽ የተጋደመች መስቀል፣ የጠርዙ ጽሑፍና ሐረግ።

በባለሱቁ ፈቃድ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አየኋቸው። ሁለቱ ትከሻው ላይ ተበልተዋል፤ ዕንቁዎቹ በእጅ ብዛት አልቀው ለጥ ብለዋል። የሦስተኛው የንስር ጅራት ከሁለቱ ጠበብ ይላል፣ ላባውም ገና ስል ነው። አራተኛው ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አምስተኛው ባለሱቁ ያሸው ነበር፤ ከንግሥቲቱ ጉንጭ እስከ ጠርዙ በአመዱ ተፍቆ ላባና ዕንቁ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ብር ወደዚህ አገር የገባው በየትኛው ዘመን ነው ብሎ መጠየቅ የሰብሳቢ ቅንጦት የሚመስለው ሰው የሰሜንን ታሪክ ያስብ። የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ፣ በኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ እጅ ሲወድቁ፣ በዚህ ተራራ ገንዘብ የነበረው ማርትሬዛ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ እንግሊዞች ናፒየር ለመራው የመቅደላ ዘመቻ ከቪየና ማርትሬዛ አስመትተው ይዘው መጡ፤ የቴዎድሮስ መንግሥት የወደቀው በዚያ ብር በተገዛ ገብስና በተከራየ በቅሎ ጭምር ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የማተሚያውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ብሩን ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ፤ ያ ብር የሊማሊሞን ገደል ቆርጦ መንገድ ካወጣው፣ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስም ወልቀፊት ላይ ከመሸገው ሠራዊት ጋር የመጣ ብር ነው። የውቤ ዘመን ብር፣ የናፒየር ብር፣ የወራሪው ብር፤ ሦስቱም ፊታቸው ላይ 1780 ይላሉ። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ ሻጭ የሮሙን «ከደጃች ውቤ ግምጃ ቤት የወጣ» ብሎ ይሸጣል፤ እውነተኛውን የውቤ ዘመን ብር ደግሞ አቅልጦ ጉትቻ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ገዢው ይታለላል፤ በሁለተኛው የተታለልነው እኛ ነን።

የሚያናድደኝ ደግሞ አያቶቻችን ከኛ ይሻሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት፣ የሐበሻ ነጋዴ ብር ሲቀበል የራስ ጌጧንና የትከሻዋን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ዕንቁው ካልታየ፣ ፊደሉ ከደበዘዘ አይወስድም። ምልክት ማንበብ ከአውሮፓ የሚመጣ እውቀት አይደለም፤ እዚሁ ገበያ ላይ ነበር፣ እኛ ነን የጣልነው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርግ ማየትም ይጠቅማል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1794 እስከ 1836 ያሳተሟቸውን ግማሽ ዶላሮች ኮከቦቹ ከፊደላቱ ጋር በሚቀራረቡበት የፀጉር ያህል በቀጠነ ልዩነት፣ ማተሚያ በማተሚያ ለይተው በቁጥር መዝግበዋቸዋል። ብር ሊታጠብ እንደማይገባም እዚያ የታወቀ ነው፤ የታጠበ ብር ዋጋው ይወርዳል። 1804 የሚል ዶላራቸው የታተመው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ቀን እንደሚዋሽ እነሱም ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ከእነሱ አልቀበልም፤ ከ1 እስከ 70 ደረጃ የሚሰጡበት ልኬታቸው ማንጠልጠያ የተበየደበትን ብር «የተበላሸ» ይለዋል። ለእኛ ያ ብየዳ የአንጥረኛ እጅ ነው፤ ብሩ ከገንዘብነት ወደ ሙሽራ አንገት የተሻገረበት ምልክት ነው። ከጊች የወረደው አራተኛው ብር ከአምስቱ ሁሉ የኛ የሆነው ነው።

ጉዳቱ በማርትሬዛ አያበቃም። የምኒልክ ብር የግራ እግሩን ያነሳ አንበሳና የቀኝ እግሩን ያነሳ አንበሳ አለው፤ ሻጮች ግን አንድ ሣጥን ውስጥ ያደባልቋቸዋል። 1936 የሚለው የኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ሳንቲም ከመቶ 80 እጅ ብር ያለውም አለ፣ 70 እጅ ያለውም አለ፤ ቀናቸው አንድ ነው። በሚዛን ብቻ የሚገዛ ሰው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይከፍላል።

ገዢም ሻጭም ማድረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ሎሚውን ያስቀምጥ። ብሩን በጠርዙ ይያዝ። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሳ፣ ከማን እንደመጣ፣ ከየት ቀበሌ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው ከጎኑ ይጻፍ። በሚዛን ከመግዛቱ በፊት ላባውንና ዕንቁውን ይቁጠር። ደባርቅ ይህን የሚያስተምር አንድ ሰው ቢኖራት እንኳ ብዙ ይተርፋል።

እናቲቱ አምስተኛውን፣ የታጠበውን፣ ለባለሱቁ ሸጡለት። «እነዚህንስ ላቆያቸው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ያቆዩአቸው፣ እናቴ» አልኳቸው። አራቱን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ወደ ዝናቡ ወጡ።