የታጠበው ገንዳ

ያን ዓመት ኅዳር 12 ቀን፣ ደብረ ብርሃን በየደጁ በሚነደው ጥራጊ ጢስ ታፍና ሳለች፣ እኔ ቤት ውስጥ የዓሣዎቼን የመስታወት ገንዳ አጥብ ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በፌስታል ውሃ ውስጥ ተጉዘው የመጡ አራት ወርቃማ ዓሣዎች ነበሩ። እነርሱን በባልዲ አቆይቼ ገንዳውን ደፋሁ፤ ጠጠሩን በፈላ ውሃ ቀቀልሁ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር እስኪነጣ ጨመቅሁ፤ ከዚያም በአዲስ የቧንቧ ውሃ ሞላሁት። መስታወቱ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። በስድስተኛው ቀን አንድም አልቀረም።

ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ አጥበህ ገደልካቸው?» አለችኝ። ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ዝም አልሁ። ታውቅ ኖሯል።

ጎረቤት ሊያጽናናኝ፣ «የዓሣ ነገር ነው፤ ይሞታል» አለኝ። ይህን አባባል ብዙ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ፤ ደግሞም አልቀበለውም። ወርቃማ ዓሣ በአግባቡ ከተያዘ ከዐሥር ዓመት በላይ የሚኖር ፍጡር ነው። በወሩ ከሞተ የገደለው አለ ማለት ነው። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉን አባቶች ስለ ማኖሩ ያሉትን ግን አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። አሞኒያ መርዝ ነው። በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ የሚሠፍሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ግን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ ሌላ መርዝ ነውና፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ያደርሱታል። እኔ «ቆሻሻ» ብዬ የጨመቅሁት ያ ቡናማ ሽፋን የእነዚህ ማኅበር ነበር። እንደገና ለመቋቋም በተለመደው ሁኔታ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ብርድ በኅዳር ደብረ ብርሃን ምን እንደ ሆነ ለአገሬው አልነግርም።

ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ከወረደው የኅዳር በሽታ የተረፈ ልማድ ነው። ዓመት ጠብቆ መጥረግ ለሰፈር ይበጅ ይሆናል። እንዲያው ሳስበው ግን የምንወደውን ነገር ሁሉ በዘመቻ የመያዝ አመል ያለብን ይመስለኛል፤ ስድስት ወር ዞር ብለን ሳናየው ቆይተን፣ አንድ ቀን ክንዳችንን ሰብስበን እንነሣበታለን። ገንዳ ይህን አይችልም። የሚፈልገው በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ወይም ሢሶውን መቀየር ነው፤ ሙሉውን አይደለም። የሚጨመረው ውሃ አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ ክሎሪኑ ይበንናል፣ ቅዝቃዜውም ከገንዳው ጋር ይቀራረባል። ስፖንጁ ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውሃ ውስጥ ለቅለቅ ይበል እንጂ ቧንቧ አይንካው። ምግብም በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ፤ በብርድ ጊዜ ከዚያም ያነሰ። በሱቅ ጣት የማያክለው ወርቃማ ዓሣ ከስንዝር በላይ ሊያድግ እንደሚችል ማወቅም ያሻል። የእኔ አራቱ በዚያች ጠባብ ገንዳ ቀድሞውንም ተጨናንቀው ነበር።

አንኮበር ያለ ወዳጄ እነዚያን ባለ ቀለም ጅራት ጉፒዎች ሊገዛ አማከረኝ። ተው አልሁት። ጉፒ 25 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይሻል። በእኛ ከፍታ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናትና፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ ሰባ በመቶ ዝቅ ያለ ነው፤ በውሃ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል፤ በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ እዚህ 6 ሚሊ ግራም ገደማ ቢይዝ ነው። በዚያ ላይ መብራት ሌሊት ይሄድና ማሞቂያውም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ከአንኮበር ገደል ላይ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ማየት ይቻላል፤ ሙቀቱን ወደ ገንዳ ማምጣት ግን አይቻልም። ለደጋ ሰው የደጋውን ብርድ የሚችል ወርቃማ ዓሣ ይበቃዋል።

የሰለቸው ሰው ዓሣውን «ነፃ ላውጣ» ብሎ በሬሳ ወንዝ ውስጥ እንዳይጨምር ደግሞ እለምናለሁ። ብርድ የሚችል ዓሣ እዚያም ሊራባ ይችላል፤ የወንዙን ምግብ ከነባሮቹ ይሻማል፣ በሽታም ያመጣባቸዋል። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። ለሰለቸው ዓሣ ሌላ አሳዳጊ ይፈለግለት።

አሁን ሰፋ ባለ ገንዳ ውስጥ ሁለት ዓሣዎች አሉን። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲውን የምትይዝልኝ ልጄ ናት። ስፖንጁን ሳነሣ ዓይኗን ከእጄ ላይ አትነቅልም። «አባዬ፣ ቀስ» ትለኛለች።