በግቢ የሚበየደው የሳስፔንሽን መያዣ፦ ምርምራችን ያልጎበኘው ላቦራቶሪ

ለአሮጌ መኪና የሳስፔንሽን መያዣ ቆርጦ መበየድ በከተሞቻችን የዘወትር ሥራ ነው። የፋብሪካው መያዣ ዝጎ ሲያልቅ ወይም ሲሰበር ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ወርዶ ተመሳሳዩን ያፈላልጋል፤ ካጣው ወይም ዋጋው ካልተቀመሰ ላሜራ ገዝቶ ወደ በያጅ ይሄዳል፤ መሣሪያው ካለው ደግሞ በገዛ ግቢው ይበይደዋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ነባሮቹ መኪኖች ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ በመንገድ ላይ እንደሚቆዩ መገመት አያዳግትም። ሥራው ይበዛ እንደሆነ እንጂ አይቀንስም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም አጭር ነው፦ ሥራውን «የልምድ» ብሎ መናቅም ሆነ በጅምላ ይከልከል ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ የድኅረ ምረቃ ምርምራችን ሊፈትሸው ይገባል።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በአንድ ጎማ ላይ በአማካይ 5 ኪሎኒውተን ገደማ ያሳርፋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ጭነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል ብለን ብንነሣ 15 ኪሎኒውተን እናገኛለን። ይህ ጭነት ከሻንሲው 5 ሴንቲ ሜትር በራቀ ነጥብ ላይ ቢያርፍ በብየዳው ሥር 750 ኒውተን ሜትር የማጉበጥ ሞመንት ይፈጥራል። ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ተጋድሞ ቢበየድ ውጥረቱ ከ2,000 ሜጋፓስካል ያልፋል፤ ተራ ብረት ግን በ235 ሜጋፓስካል አካባቢ ላይመለስ መጉበጥ ይጀምራል። ያው ላሜራ በጠርዙ ቆሞ ቢበየድ ውጥረቱ ወደ 208 ይወርዳል፤ ሁለት ላሜራዎች ግራና ቀኝ ቆመው ብሎኑን ቢይዙት ደግሞ ወደ 104። አንዱ ላሜራ ምንም ሳይጨመርበት በአቀማመጡ ብቻ አሥር እጥፍ በረታ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ብዙ ነባር በያጆችም ያለ ስሌት ያውቁታል።

ይሁን እንጂ መያዣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን በድካም፣ ማለትም በሚደጋገም ጭነት ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአሮጌ ፒክአፔ የኋላ ሾክ አብዞርበር መያዣ በግቢዬ በየድሁ። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ፈተሽሁ፤ ብረቱም ጠንካራ ይሁን ብዬ ከአሮጌ ባሌስትራ ቆረጥሁት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከብየዳው ጠርዝ ተሰንጥቆ ተገነጠለ። ብረቱ አልጎበጠም፤ ስሌቱም አልተዛነፈም። የተሳሳትሁት ስሌቱ የማይጠይቀውን ባለመጠየቄ ነበር። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አንጋፋ በያጅ ስብራቱን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ባሌስትራ ለማረሻ ነው እንጂ ለብየዳ አይሆንም» አሉኝ። ምክንያቱን በእኔ ቋንቋ አላስረዱኝም፤ ድምዳሜያቸው ግን ትክክል ነበር። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ተራው ላሜራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 በመቶ አይርቅም። ካርቦኑ የበዛ ብረት አስቀድሞ ሳይሞቅ ተበይዶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ጠጣርና ተሰባሪ ይሆናል፤ እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድ የሚያስገባው ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ስንጥቁ ገና ከጅምሩ ይፀነሳል።

ለተበየዱ መገጣጠሚያዎች የድካም ዕድሜ ከሚመላለሰው ውጥረት ሦስተኛ ኃይል ጋር በግምት በተገላቢጦሽ ይዛመዳል፤ ውጥረቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ብየዳው እንደተበየደ ከተተወ፣ ይበልጥ ጠንካራ ብረት መምረጥ የድካም ዕድሜውን እምብዛም አያራዝመውም፤ ወሳኙ የብየዳው ጠርዝ ቅርጽ ነውና። እኔ ግን በኮምፒዩተር ሞዴሌ ብየዳውን እንከን የሌለው አድርጌ ወስጄው ነበር። እንዲህ ያለው ቀለል ማድረግ የእኔ ብቻ ስሕተት አይመስለኝም።

«ሳስፔንሽን የሰው ሕይወት ያለበት አካል ነው፤ እንዴት ለግቢ ሥራ ይተዋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። መሪን የሚመለከቱ አካላትን በቤት መበየድ እኔም አልደግፍም። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ሥራውን አያስቀርም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። በአውስትራሊያ ቪ.ኤስ.ቢ. 14 በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ደንብ የትኛው ማሻሻያ የመሐንዲስ ማረጋገጫ እንደሚያሻው፣ የትኛው እንደማይፈቀድ ለይቶ ያስቀምጣል። እኛም እንዲህ ያለ ድንበር ለማስመር በቅድሚያ የራሳችንን መረጃ እንሻለን።

መረጃው ያለው በጋራዦች ማዕዘን ተጥሎ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የብረት ድካምን ጥናት መሠረት የጣለው የባቡር አክስሎች ለምን እንደሚሰበሩ በመጠየቅ ነበር። እኛም የተሰበሩ መያዣዎችን ሰብስበን ብንቆርጥ፣ ስንጥቃቸው ከየት እንደጀመረ ብንመዘግብ፣ በኮረኮንች መንገዶቻችን ላይ የሚደርሰውን ጭነት በመኪና ላይ ብንለካ፣ ከአንድ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ውጤቱም ለበያጆች በአማርኛ በአንድ ገጽ ሊጻፍ ይችላል፦ ተራ ላሜራ ይመረጥ፤ ሁለት ሆኖ በጠርዙ ይቁም፤ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን፤ ብየዳው በሹል ማዕዘን ላይ አይቋረጥ፤ ጠርዙ በግራይንደር ይለስልስ፤ ዘይት በተለወጠ ቁጥር መገጣጠሚያው ይጽዳና ላምባ ተቀብቶ ከተጠረገ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ይነስነስበት፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው በዱቄቱ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

እኚያ አንጋፋ በያጅ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር፤ እኔ የማውቀውንም እርሳቸው አልሰሙትም። መያዣው የተሰበረው በዚህ ክፍተት ነው። በዚያን ቀን መኪናው ውስጥ ብቻዬን መሆኔ አጋጣሚ እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም።