የዱባይ ፎቅ ለዘመሮ ምኑ ነው?

ሰሞኑን ዘመሮ ነበርኩ። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርድ ልብስ ደራርቤ ነው ያደርኩት። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የታየኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ትልቅ ፖስተር ነው፦ ባህር ዳርቻ፣ ዘንባባ፣ ከጀርባው የዱባይ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ጉም ከቆላው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሜዳው ላይ ጥቋቁርና ቡናማ በጎች ተበትነዋል።

ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ሁለተኛው ያምራል! የመጀመሪያው ግን የት ነው?»

ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነት ነው፤ የክፍሉን ፎቶ ብቻ ያየ ሰው ጅማ ልሁን ሐዋሳ ወይም ቦሌ ሊለይ አይችልም። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። መስተንግዶው የሰው ነበር፣ ሽሮውም ጣት ያስቆረጥማል። ግን በየከተማው ያሉ ሆቴሎቻችንን አስቧቸው፦ ያው የሚያብረቀርቅ መጋረጃ፣ ያው የፕላስቲክ አበባ፣ ያው ፖስተር። የምንተኛበት አልጋ ይለያይ እንጂ ክፍሉ አንድ ነው።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ የመንዝ ሆቴል መንዝን መምሰል አለበት። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ቀለምና ሥዕል ከደጁ ላይ ነው ያለው።

ጓሳን ውሰዱ። በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በበጋ ሣሩ ወርቃማ ይሆናል። ጅባራው ከጉሙ መሀል እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። የወንዱ ጭላዳ ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይጠራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ አለላችሁ፤ ሰውነቱ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ። ጭላዳም ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኙም። በዚህ ላይ የመንዝን የድንጋይ ቤት ግራጫ ጨምሩበት። የበጉን ጠጉር ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ጨምሩበት። ባናና በርኖስ የሚሠራው ከዚሁ ጠጉር ነው፤ ያለ ምንም ማቅለሚያ የተፈጥሮ ቀለሙ ይበቃል።

እነዚህን ቀለሞች ይዞ ክፍል ማስዋብ የሀብታም ሥራ አይደለም። አንድ ጣሳ ቀለም ሮዝም ሆነ የሣር ወርቃማ ያው ግድግዳ ይቀባል። ከፖስተሩ ቦታ ባና ስቀሉ። ክፍሎቹን በቁጥር ብቻ ከመጥራት «ጅባራ»፣ «ጭላዳ»፣ «አስታ» በሏቸው፤ በሩ ላይም ሥዕሉን አስሉ። ሥዕል የሚችል ወጣት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ክፈሉትና ስሙን ከሥራው ሥር ያስፍር። እንግዳው ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ ሲለቀው ማንም «የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም «እንዴት ነው የሚኬደው?» ብሎ ነው።

ይሄ ህልም አይደለም፤ የሠሩት አሉ። ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር ነው የተሠራው፤ ከሰሜን ተራሮች አልጣላም። ከአገር ውጪ ደግሞ የላንዛሮቴን ነገር እዩ። የስፔን የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ሰዓሊው ሴሳር ማንሪኬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኒውዮርክ ወደ ትውልድ ደሴቱ ሲመለስ አገሬው መሬቱን ጥቁርና ደረቅ ብቻ አድርጎ ነበር የሚያየው። እሱ ግን የእሳተ ገሞራ ዋሻውን የሰው መዝናኛ አደረገው፤ ቤቶቹ በነጭ ግድግዳና በአረንጓዴ በር እንዲቀጥሉ፣ ፎቆችና የመንገድ ማስታወቂያዎች ደሴቷን እንዳይወሯት ተሟገተ። ዛሬ ቱሪስቱ ወደዚያች ደሴት የሚጎርፈው ሌላ ቦታ ስለማትመስል ነው።

«ወንድሜ፣ አሁን ቱሪስት የት አለና ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ሰላም ከሌለ ሎጅም ሥዕልም ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ነገር ግን የዘመሮ ሆቴሎች የሚያሳድሩት ፈረንጅን ብቻ አይደለም። ለሥራ የመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ሠርግ የተጠራ ዘመድ፣ ከውጭ አገር እናቱን ሊጠይቅ የመጣ የመንዝ ልጅ አለ። የመንዝ ልጅ በገዛ አገሩ የዱባይን ፎቅ እያየ ለምን ይተኛል?

ከሁሉም በላይ ግን ጉዳዩ የጓሳው ነው። ጓሳ እስካሁን የቆየው በዕድል አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል (ከሌላው ቄሮ ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ቦታው ለ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ተደብቆ ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን ቀጥሏል። ያ ሁሉ ጥበቃ ለምን ነበር? ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ስለሚያስፈልግ ነው። ሰው የሚጠቅመውን ይጠብቃል።

አሁን ግን ቤቱ ቆርቆሮ እየለበሰ ነው፤ ገመዱም ፕላስቲክ ሆኗል። ባናውን የፋብሪካ ብርድ ልብስ እየተካው ነው። ታዲያ ነገ አንድ ወጣት «ጓሳን የምጠብቀው ለምንድን ነው?» ቢል ምን ብለን እንመልስለታለን? ጓሳ ውስጥ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ሎጅ መኖሩ አንዱ መልስ ነው። የየከተማው ሆቴል ባና ከሸማኔው ሲገዛ፣ ወጣቱን ሥዕል ሲያሠራ፣ በጭላዳው ስም ሲጠራ መልሱ ይበዛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተፈጥሮን መምሰል ማለት ተፈጥሮን መዝረፍ አይደለም። ጅባራ ነቅሎ በረንዳ ላይ መትከል፣ የአውሬ ቆዳ መስቀል፣ ሣሩን ከደንቡ ውጪ አጭዶ ማስጌጫ ማድረግ መለያ አይሆንም፤ ጥፋት ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ግድግዳ ላይ ስሉት፤ እሱን ግን ሜዳው ላይ ተዉት።

እናንተስ? ቀጣዩ ጉዟችሁ ላይ ያደራችሁበትን ክፍልና የመስኮቱን እይታ ጎን ለጎን ፎቶ አንሱ። ሁለቱ የማይተዋወቁ ከሆነ ስትወጡ ለባለቤቱ በትህትና ንገሩት። እኔ ለዘመሮዋ እናት ነግሬያቸዋለሁ። ስቀው «ልጄ፣ ባናማ እኔ ጋ ሣጥን ውስጥ ሞልቷል» አሉኝ።