ኪራዩ የአከራይ፣ እሳቱ የተከራይ?

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ገና ደጅ ላይ ቆሞ ብዙ ሕግ ይሰማል። እንግዳ ማሳደር አይቻልም፣ ምጣድ ክልክል ነው፣ የግቢው በር ማታ በጊዜ ይቆለፋል። ስለ እሳት የሚነገረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተጠንቀቁ»። በዚህች ቃል ኃላፊነቱ ሁሉ ከባለቤቱ ወርዶ ተከራዩ ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እስኪ ግቢው ይታይ። ከዋናው ቤት ጀርባ በባሕር ዛፍና በጭቃ የቆሙ ክፍሎች ተደርድረዋል። ቆጣሪው አንድ ነው። ቀጭን ሽቦ ከክፍል ክፍል እየተቀጠለ ያልፋል፤ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ኮርኒሱ የተወጠረ ማዳበሪያ ነው፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፣ የግቢው ቁልፍ ባለቤቱ ዘንድ ያድራል። ከእነዚህ ተከራዩ የመረጠው የቱን ነው? አንዱንም። ሽቦውን ልቀይር ቢል እንኳ «ቤቴን አትንካ» ይባላል።

አከራዮች መልስ አላቸው፤ «ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነደው፣ ሻማ ለኩሶ የሚተኛው ተከራዩ ነው» ይላሉ። እውነት አለው። ግን እንጅባራ ብርዳም ደጋ ናት። አዊ ደግሞ የከሰል አገር ነው፤ የፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ማብሰያ ቤት በሌለው ግቢ ተከራዩ ምድጃውን ወዴት ይውሰደው? ማብሰያ ሳይሠራ ያከራየ ሰው ከሰሉ ወደ መኝታ እንዲገባ ፈቅዷል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነበልባል ሳይነሳም እንደሚገድል ደግሞ የማያውቅ የለም።

ሕጉም ቢሆን ባለቤቱን ነፃ አያወጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመርም የመብራት ኃይል ሳይሆን የደንበኛው ነው፤ ደንበኛ ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ ባለቤቱ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋ ነበር። አዋጁ ግን ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውል መዝጋቢው ስለ ብር ከጠየቀ ስለ ሽቦውም መጠየቅ ይችላል። እንግሊዝ አገር አከራይ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ በየ5 ዓመቱ በባለሙያ የማስፈተሽ ግዴታ አለበት። ለእንጅባራና ለዳንግላ ይህን ያህል እንኳ አይጠየቅም። ብሬከር ያለው መስመር፣ ከመኝታ የተለየ ማብሰያ፣ ከውስጥ የሚከፈት መስኮት፣ ለተከራይ የሚሰጥ የግቢ ቁልፍ፣ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይበቃል።

«ይህ ኪራይ ያስወድዳል» የሚሉ አይጠፉም። ኪራዩ አንዱም ሳይደረግ ሲወደድ ኖሯል። ከዩኒቨርሲቲው መከፈት ወዲህ እንጅባራ ላይ ክፍል የሚፈልገው በዝቷል፤ ገቢው ያደገለት አከራይ ለብሬከር አይቸገርም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መዲናዋ ያላትን ሁሉ ይዛ እንኳ የመንገዱ ጥበት ፈተና ሆኖባታል። መንገድ በሚዘጋጋበት በዚህ ዘመን ከሌላ ከተማ እርዳታ የሚጠብቅ የአዊ ከተማ ራሱን እያታለለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የከተማ አስተዳደሮቹ ውል ሲመዘግቡ እነዚህን አምስት ነገሮች ይጠይቁ። ተከራይም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቁልፉ የት እንደሚያድር ይጠይቅ። መልስ የሌለው አከራይ ቤት አላከራየም፤ ወጥመድ ነው ያከራየው።