ዋሻው መቃብር ነው!

ቬትናም የኩ ቺን የጦር ዋሻ ትኬት ቆርጣ ታስጎበኛለች፤ ቱሪስቱ በደረቱ ይሳባል፣ ከፍሎም ጠመንጃ ይተኩሳል። «እኛስ ለምን በዜረት ዋሻ አንጠቀምም?» ለሚሉ ወገኖች አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለመሆኑ ሟቾቹን ቆጥራችኋል ወይ?

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ፋሺስት ኢጣሊያ መንዝ ዜረት ዋሻ የተጠለሉትን የአበበ አረጋይ አርበኞች ወገን፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በመርዝ ጋዝ ፈጀ። እጅ ከሰጡትም ወደ 800 ሰው ረሸነ። ዓለም ጉዱን የሰማው በ1998 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ከአገሩ የጦር ሰነድ ፈልፍሎ ሲያወጣው ነው። የእኛ ሹማምንትስ እስከዚያ የት ነበሩ? ያሳፍራል!

ጎብኚ አይምጣ አልልም፤ ይምጣ። በመጀመሪያ ግን የሟቾቹ ስም ይጻፍ፣ አጽማቸው በክብር ይረፍ፣ ኢጣሊያም ትጠየቅ። ትኬቱ ይደርሳል!