የብስኩቱን ጀርባ የምናነብ

ሁዳዴ በገባ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ። የተማረ ሰው፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስተካክሎ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆሞ የብስኩት መጠቅለያ ጀርባ ያነባል። የወተት ዱቄት እንዳለበት ሊያጣራ ነው። ያንን ትጋት ተማሪዎቼ በልብ ወለድ ላይ ቢያሳዩልኝ ኖሮ ከማስተማር ባልወጣሁ! ካፌውም የጾም ኬክና የጾም ማኪያቶ አዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ምን ቀረብን? 55ቱን ቀን ምንም ሳይቀርብን እንዘልቀዋለን።

«ዋናው ልብ ነው፣ ሆድ ምን አገባው» የሚል ወዳጅ ግን እንዳይደሰትብኝ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሆዳቸውም አይጾም፣ ልባቸውም አይጾም። ሥርዓቱን የሠሩልን አባቶች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። የኔ ጠብ ጾሙን የምግብ ዝርዝር አድርገን፣ ዝርዝሩን ስለጠበቅን ብቻ ነፍሳችን ጤነኛ ናት ከምንለው ከእኛው ጋር ነው። ሠራተኛቸውን እያስጨነቁ ስለሚጾሙ ሰዎች ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ምን እንዳለ ያነበበ ያውቀዋል።

ሠራተኛ ካልን አይቀር፣ የራሴን ልናገር።

አንድ ዓመት፣ የመጻጉዕ እሑድ ዋዜማ፣ የቤት ሠራተኛችን «ጋሼ፣ ነገ ላስቀድስ?» አለችኝ። ባለቤቴ እንግዳ እንዳለብን ነገረቻት። እኔ ጋዜጣዬን እንኳን ዝቅ አላደረግኩም። በማግስቱ እኛ ሄድን። የዕለቱ ወንጌል መቼም የታወቀ ነው፤ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስላጣው በሽተኛ ነው። ሰባኪው ጥሩ አድርገው አስተማሩ። አጠገቤ የቆሙ እናት እንባቸውን ጠረጉ፤ እኔንም ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ። ቤት ስንመለስ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ የሽምብራ ዓሳው ተሰናድቶ ጠበቀን። ልጅቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ የሠራችው ነው። እንግዶቹ «እንዲህ ከሆነስ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል!» አሉ።

ማታ ጠየቅኋት። እኛ ቤት ከገባች ወዲህ የምታስቀድሰው ለልደትና ለፋሲካ ብቻ ነው። የንስሐ አባቷ አገር ቤት ናቸው፤ 4 ዓመት አላየቻቸውም። ረቡዕና ዓርብን ግን አንድም ቀን አልገደፈችም። የኛ የንስሐ አባት በየጊዜው መጥተው ቤቱን ጸበል ሲረጩ ቡና የምታፈላው እሷ ናት። «ያንቺስ አባት?» ያላት የለም፤ እሳቸውም ቢሆኑ።

የቤት ገመናህን አደባባይ አታውጣ የሚለኝ ይኖራል። የኔ ቤት ብቻ ቢሆን ባላወጣሁት ነበር። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተደረደረውን መኪና ይቁጠርና፣ ከየመኪናው ጀርባ ቤት ጠባቂ ሆና የቀረችውን ያስብ።

አሁን እሑድ እሑድ ቤት የምንጠብቀው እኔና ባለቤቴ በተራ ነን። በመጀመሪያው ተራዬ ሽሮው አርሮብኝ ድስቱን ጣልኩት፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።