ስትጋቡ የት ነበር የምትኖሩት?

የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሲነሳ እኛ ቤት ጸጥታ ይወርዳል። እናንተም ልትዘሉት ስታስቡ ይታየኛል። ቆዩ ግን፤ የማወራው ስለ ዕዳ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሩ ቃል ይገባል፦ ብትጎዳ አሳክምሃለሁ፣ በአገልግሎትህ ምክንያት ብትሞት የትዳር ጓደኛህን በየወሩ እጦራለሁ። ወታደሩ ድርሻውን ፈጸመ። የመክፈሉ ተራ ሲደርስ ግን ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ማለት «ከተቃራኒ ጾታ የሆነ ሰው» ነው አለ።

በ2013 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዊንዘር ጉዳይ የፌዴራሉን የጋብቻ ትርጉም ሻረ። ያለቀ መሰለ። የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ግን የራሱ ትርጉም ነበረው። አንድ ስህተት ሁለት ፋይል ውስጥ ኮፒ ተደርጎ ያገኘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ኢራቅ የዘመተች አንዲት በሽተኛ ሴት ከባለቤቷ ጋር ከሳ በነሐሴ ካሊፎርኒያ ውስጥ ረታች፤ በመስከረም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤሪክ ሆልደር መንግሥት እነዚያን ድንጋጌዎች ከእንግዲህ እንደማያስፈጽም አስታወቁ። ቃላቱ ያን ዕለት ከሕጉ አልተሰረዙም። በእኛ ቋንቋ ኮመንት ተደረጉ።

አሁንስ አለቀ? ኧረ የት! ሌላ አንቀጽ ደግሞ የጋብቻው ሕጋዊነት የሚለካው ስትጋቡ፣ ወይም መብቱ ሲደርሳችሁ በምትኖሩበት ስቴት ሕግ ነው ይል ነበር። ቴክሳስ እየኖሩ ኒው ዮርክ ሄደው የተጋቡትን መከላከያ ሚኒስቴር ባልና ሚስት ከሚላቸው እኩል ይቆጥራቸዋል፤ ወታደሯ ዩኒፎርሟን ስታወልቅ ግን የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት አላውቃችሁም ይላል። ያቺው ሴት፣ ያው የጋብቻ ወረቀት! ይህ እስከ ሰኔ 2015፣ እስከ ኦበርገፌል ውሳኔ ቆየ።

«መሥሪያ ቤቱ ምን ያድርግ፣ ሕጉን አከበረ እንጂ» የሚለኝ ይኖራል። እኔም የሠራተኛ መመዝገቢያ ፎርም ስሠራ «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚል መልእክት ጽፌ አውቃለሁ። ሲስተሙ እኔ ነበርኩ። ፍርድ ቤት አንዱን ትርጉም ከሻረው በኋላ እያንዳንዱን ቀሪ አንቀጽ በየተራ ለማስነሳት የታመመ ሰው ጠበቃ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ሕግ ማክበር አይመስለኝም፤ ዕዳን ማስታመም ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የቀሪዎቹ ነገር ነው። ለወርኃዊው ክፍያ ከሚያበቁ መመዘኛዎች አንዱ ቢያንስ አንድ ዓመት በትዳር መኖር ነው። መንግሥት ራሱ እንዳይጋቡ ከልክሎ ሲያበቃ «ዓመት አልሞላችሁም» ይላል! የሟች ባሏን ጡረታ ለማስወሰን ወረቀት ታቅፋ ስትመላለስ የከረመች አክስት ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ጠበቃ አያሻውም። በጥቅምት 2022 መሥሪያ ቤቱ መለስ አለ፦ መጋባት ላልቻሉት አብረው የኖሩበትን ዘመን እቆጥራለሁ፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ ወይም አብራችሁ የገዛችሁትን ቤት ማስረጃ አምጡ።

ጥሩ። ግን እስከ 2011 ድረስ እንዲህ ያለ ወረቀት የተገኘበት ወታደር ከሠራዊቱ ሊባረር ይችል ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የጋራ ሂሳብ አልከፈቱም፤ ቤቱንም በአንዳቸው ስም ብቻ ገዙ።